እንጀራ የሰጠ በኅሊና ላይ ይሠለጥናልን?

ሰው በወዙ የሚያገኘው እንጀራ ከአሠሪው ቸርነት የመጣ ስጦታ ነውን፣ ወይስ አሠሪው ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ? ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የጸጋን ምሥጢር ሲያስተምር፣ ለሠራ ሰው የሚሰጠው ዋጋ ከዕዳ እንጂ ከጸጋ የማይቆጠር መሆኑን ማንም የማይክደው ነገር አድርጎ በምሳሌነት አምጥቶ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ያለ ሙግት ያለፈው ይህ ነገር በሰሜን አሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ አውቶሞቢል በሚሠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ሰባኪን ከሰባኪ፣ ምእመንን ከምእመን የለየ ብርቱ የኅሊና ጥያቄ ሆኖ ነበር።

በዚያ ዘመን የሚበዙት የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ጥቁርን ሰው ወይ ከደጅ ይመልሱታል፣ ወይም ቢያስገቡት መጥረጊያ አስይዘው ያኖሩታል፤ ሄንሪ ፎርድ ግን በዲርቦርን ባቆመው በታላቁ የሪቨር ሩዥ ፋብሪካ አሥር ሺህ ያህል ጥቁሮችን ቀጥሮ ያሠራ ነበር፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሌላ ስፍራ ለጥቁር ወዳልተፈቀደው የእጅ ጥበብ ሥራ ለመድረስ ችለው ነበር። ብዙዎቹ ግን የተመደቡት በብረት ማቅለጫው ክፍል ነበር፤ በዚያም የቀለጠው ብረት ከአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ እየተንቆረቆረ የሞተር አካል ሲሆን፣ ገና ግለቱ ያልበረደውን ብረት ከአሸዋው እያራገፉ የሚያወጡት ሰዎች አቧራውንና ጢሱን እየሳቡ፣ እሳቱ ፊታቸውን እየለበለባቸው ቀኑን ሙሉ ይቆሙ ነበር። ወደዚህ ሥራ ለመግባት እንኳ ደጅ መጥናት ያስፈልግ ነበርና፣ ሥራ ፈላጊው ከታወቀ የቤተ ክርስቲያን መሪ እጅ ትጉህና ጨዋ መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ይዞ ቢቀርብ መንገዱ ይቀናለት ነበር።

እንግዲህ ደብዳቤው በመሠዊያውና በምድጃው መካከል ድልድይ ሆነ። ደብዳቤ የሚጽፈው ሰባኪ ምእመናኑ እየበዙ፣ አሥራቱም እየጨመረ ሲሄድ፣ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ ፎርድን የሚያስቀይም ቃል ለመናገር ምላሱ ይከብደው ጀመር። ፎርድ የሠራተኛ ማኅበር የሚባለውን ነገር አጥብቆ ይጠላ ስለ ነበር፣ በሃሪ ቤኔት የሚታዘዘው የፋብሪካው የጥበቃ ክፍልም በየስፍራው ዓይንና ጆሮ አሰማርቶ ስለ ነበር፣ ለአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር ተናጋሪ ደጁን የከፈተ ቤተ ክርስቲያን የምእመናኑን እንጀራ አደጋ ላይ ሊጥል ይችል ነበር። ሆሬስ ዋይት የተባለው የፕሊመዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ በ1938 «ክርስቲያን ሴንቸሪ» በተባለው መጽሔት ላይ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ባለቤት ማን ነው ብሎ በአደባባይ የጠየቀው ስለዚህ ነው። ጥያቄው መራራ ነው፤ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረውን የመዝሙር ቃል በባርነት ዘመን ስንቅ አድርጎ የኖረ ሕዝብ፣ የገዛ ቤተ መቅደሱን መክፈቻ በፋብሪካ ጌታ እጅ ሲያይ ማዘኑ አይቀርምና።

እነዚያን ሰባክያን በገንዘብ የተገዙ ናቸው ብሎ በአንድ ቃል መኮነን ለእኔ አይቻለኝም። የተራበ ሕዝብ የተሰጠው እረኛ፣ አገሩ ሁሉ በሩን ሲዘጋበት አንዱ ብቻ ሲከፍትለት፣ ያንን አንዱን ማመስገኑ የሰው ባሕርይ ነው፤ በወገናችንም ዘንድ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ከመባል የሚከፋ ስድብ የለም። ነገር ግን ጉዳዩን ጠልቀን ስንመረምረው፣ የፎርድ ደግነት ደግነት መስሎ የታየው የሌሎቹ ግፍ ከበስተ ኋላው ስለ ቆመ ነው። ለሰው ሁሉ የሚገባ የነበረውን የሥራ በር ሁሉም በግፍ ዘግተውት ሲያበቁ አንዱ ቢከፍተው፣ ያ ሰው ከግፉ በመራቁ መልካም አደረገ እንጂ ከገንዘቡ ያጎደለው ነገር የለም፤ የከፈለውም ደመወዝ በጉልበትና በላብ ተመልሶለታል። ከዚያ አልፎ የሠራተኛውን ኅሊና በምስጋና ስም ሊገዛ ቢፈልግ፣ ሌሎች በሠሩት ኃጢአት ላይ ወለድ መቀበሉ ነው። ምስጋናም በፈቃድ ሲሰጥ ትሩፋት ነው፤ በግዴታ ሲጠየቅ ግን ግብር ይሆናል።

የሃርትፎርድ ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እረኛ የነበረው ቄስ ቻርልስ ሂል ይህን የተረዳው በሐተታ ብዛት ሳይሆን በሥራ ነው። ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲገቡ ቢታዩ እንጀራቸው እንደሚቀር የሚያውቁት ሠራተኞች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢመጡ ግን ለጸሎት እንደ መጡ ይቆጠርላቸዋልና፣ ቄሱ ደጁን ከፈተላቸው፤ ስለ ደመወዝና ስለ ሰው ክብር የሚመክሩትም በዚያው መዝሙር በሚዘመርበት ጣራ ሥር ሆነ። ከቤተ መቅደስ ውስጥ ይህን መምከር ቅድስናውን ማርከስ ነው የሚል ቢኖር፣ የሐዋርያው ያዕቆብን መልእክት እንዲያነብ እለምነዋለሁ፤ በዚያ መልእክት የአጫጆቹ የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ይደርሳል።

የፈተናው ቀን በ1941 በሚያዝያ ወር መጀመሪያ መጣ። ማኅበሩ በሪቨር ሩዥ የሥራ ማቆም አድማ ባደረገ ጊዜ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ጥቁር ሠራተኞች ከፋብሪካው ውስጥ ሳይወጡ ቀሩ። በእነዚህ ሰዎች ላይ ፈሪ ወይም ከዳተኛ ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ ከደጅ ሆኖ «ኑ ውጡ» ይላቸው የነበረው ነጭ ሠራተኛ ከጥቂት ጊዜ በፊት አጠገባቸው ቆሞ ለመሥራት የሚጸየፋቸው መሆኑን ዘንግቷል። ከሚያውቁት ጌታ ወጥተው ወደማያውቁት ወንድም እንዲሄዱ ነበር የተጠየቁት፤ ይህም የማይታየውን ነገር ተስፋ አድርጎ መነሣት ነውና፣ አብርሃም ከካራን ሲወጣ ከተጠየቀው እምነት የራቀ አይደለም። የጥቁሮች መብት ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ዋይት ወደ ዲትሮይት መጥቶ ከደጁ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ተማጸናቸው፤ ገና ወጣት የነበረው ሆሬስ ሼፊልድም ከእነርሱ ጋር አንድ ቀለም፣ አንድ ፋብሪካ ያለው ሰው ሆኖ እንዲወጡ ጠራቸው። ቀስ በቀስም ብዙዎች ወጡ።

ፎርድ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ከማኅበሩ ጋር ውል ሲዋዋል፣ ከተደራዳሪዎቹ መካከል ከብረት ማቅለጫው የመጣው ሼልተን ታፕስ ነበረ። ደመወዝ ቢጨመር፣ ሰዓት ቢቀነስ ሰው ሁሉ ይረካ በነበረበት ሰዓት፣ ታፕስ ማንም ሠራተኛ በዘሩና በቀለሙ እንዳይለይ የሚከለክል ቃል በውሉ ውስጥ እንዲገባ ጸንቶ ተከራከረ፤ ቃሉም ገባ። የዚህን ሥራ ክብደት ስመዝነው ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል፤ ቀድሞ በሰባኪ ደብዳቤና በጌታ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ነገር በዚያ ቀን በፊርማ የታሰረ መብት ሆኗልና። ለመብት ደግሞ ደጅ አይጠናም።

ነገር ግን የሰው ልብ እንደ ውል ቶሎ አይጻፍም። በ1943 በሰኔ ወር በፓካርድ ፋብሪካ ሦስት ጥቁሮች ወደ ተሻለ ሥራ በመሸጋገራቸው ብቻ 25,000 ያህል ነጮች ሥራ ጥለው ወጡ፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቶማስ ግን አድማውን አውግዞ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አስገደዳቸው፤ ይህም ሊመሰገንበት የሚገባ ጽናት ነው። በዚያው ዓመት ማኅበሩ በባፋሎ ጉባኤ ሲያደርግ፣ ከላይኛው ሸንጎ አንድ መንበር ለጥቁር አባል እንዲጠበቅ ሐሳብ ቀረበ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበረው ዋልተር ሬውተር መንበርን በቀለም መመደብ ራሱ በቀለም መለየት ነው ብሎ ተቃወመ፤ ሐሳቡም ወደቀ። ይህን ክርክር በጽሑፍ ብቻ ላነበበው ሰው ርቱዕ ይመስላል፤ በእግዚአብሔር ፊት ቀለም የለምና። ግን ስለ እኩልነት የሚሟገተው በመንበሩ ላይ የተቀመጠው፣ የሚጠብቀው ደግሞ በደጅ የቆመው ሲሆን፣ ርቱዕ የሆነው ቃል ለአንዱ ምቾት፣ ለሌላው ቀጠሮ ሆኖ ይቀራል። ቀጠሮውም 19 ዓመት ፈጀ፤ ኔልሰን ጃክ ኤድዋርድስ የሸንጎው የመጀመሪያ ጥቁር አባል ሆኖ የተመረጠው በ1962 ነው።

በዚህ መካከል የፎርድ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን በፎርድ ስፍራ ላይ የቆመው ማኅበሩ ራሱ ነበር። ጥቁሮች ለማኅበሩ ብዙ ባለ ዕዳ ነበሩ፤ ማኅበሩ ስለ መብታቸው ተናግሯል፣ ገንዘቡንም አፍስሷል፤ ይህን የሚክድ ሰው በሐሰት ይመሰክራል። ታዲያ ይህን ሁሉ ላደረገላቸው ማኅበር ዝም ሊሉ ይገባቸው ነበርን? ሼፊልድና ባዲ ባትል ከጓደኞቻቸው ጋር በ1957 የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ምክር ቤት የተባለውን የጥቁሮች አንድነት ባቆሙ ጊዜ መልሳቸው ታወቀ። ከማኅበሩ አልወጡም፤ መዋጮአቸውን ይከፍላሉ፣ በአድማው ቀን ይሰለፋሉ፤ ነገር ግን በራሳቸው ጉባኤ ይመክራሉ፣ በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ። በ1961 በዲትሮይት ከንቲባ ምርጫ ማኅበሩ በሥልጣን ላይ ያለውን ሉዊስ ሚሪያኒን ሲደግፍ፣ ፖሊስ በጥቁሮች ላይ ያደረሰው በደል ያስመረራቸው እነዚህ ሰዎች ጄሮም ካቫና የተባለውን ብዙ ሰው የማያውቀውን ወጣት ጠበቃ ደገፉ፤ ካቫናም አሸነፈ። አለቆቻቸውን የተቃወሙት ማኅበሩን ስለ ጠሉ አይደለም፤ ፎርድን የተቃወመው ቄስ ሂልም በፎርድ ደመወዝ የበሉትን ልጆች ስለ ጠላ አልነበረም።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ወጣቶች ከዚህም ርቀው ሄዱ። በ1968 በሃምትራምክ በሚገኘው የዶጅ ፋብሪካ ጄኔራል ቤከርና ጓደኞቹ የዶጅ አብዮታዊ የሠራተኛ ማኅበር ንቅናቄን ሲያቆሙ፣ የፋብሪካውን ባለቤት ክራይስለርንና የሠራተኛውን ማኅበር በአንድነት ከሰሱ። የቃላቸውን ምሬትና በማኅበሩ ውስጥ ያለውን መልካም ነገር ሁሉ ለመናቅ የነበራቸውን ፍጥነት አልቀበልም፤ ሼልተን ታፕስ በ1941 በፎርድ ውል ውስጥ ያስገባው ቃል ለእነርሱም አርአያ ሊሆን የሚገባ ነበርና። ሆኖም ከባዱና አደገኛው ሥራ አሁንም ለጥቁሩ ነው ብለው ሲጮኹ፣ ከአባቶቻችሁ የተሻለ ኑሮ አግኝታችኋልና ዝም በሉ የሚል መልስ ሊሰጣቸው አይገባም ነበር፤ አባቶቻቸው ከፎርድ አፍ የሰሙት መልስ ይኸው ነበርና።