ከአንድ አውድማ ሁለት ፈትዋ

ኅዳር ላይ ከወረታ ወጣ ብሎ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ያለውን የፎገራ ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው ከአውድማ አውድማ ይሸጋገራል። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት የከረመው ዋልካ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል። ሩዝ ለፎገራ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተሞክሮ፣ ጎርፍ ሌላውን እህል ሲያበላሽ እሱ ስለሚችለው ሜዳውን ወረሰው። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚሁ ወረታ ነው።

አውድማው ላይ ለሙስሊም ቤተሰብ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ዘካው ስንት ነው?

አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት ዘጠኝ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ አስገብተዋል። ባል የሀነፊ ኪታብ የቀራ ነው፤ ሚስት ደግሞ ሁለቱ መዝሀቦች ጎን ለጎን ከኖሩበት ከወሎ የመጣች፣ በሻፊዒ መዝሀብ ያደገች። በዝናብ የበቀለ እህል አንድ አስረኛ፣ በመስኖ ተደክሞበት የበቀለ አንድ ሃያኛ እንደሚወጣለት ሁለቱም ይስማማሉ። የሚለያዩት ግዴታው ከስንት ይጀምራል በሚለው ነው። ኢማም አቡ ሀኒፋ ከምድር የወጣ ምርት ቢያንስም ቢበዛም ዘካ አለበት ይላሉ። ኢማም ሻፊዒ ዘንድ ከአምስት ወስቅ በታች ዘካ የለም፤ ይህ በዛሬ ሚዛን ብዙዎች እንደሚያሰሉት 653 ኪሎ ገደማ ነው። ሩዝ ደግሞ ከነገለፈቱ የሚጎተር እህል በመሆኑ በሻፊዒ ኪታቦች ልኩ እጥፍ ሆኖ አስር ወስቅ፣ ማለትም 13 ኩንታል አካባቢ ይደርሳል። በባል ስሌት 90 ኪሎ ለድሃ ይወጣል። በሚስት ስሌት ግዴታ የለም። የአቡ ሀኒፋ ታላላቅ ተማሪዎች አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ እንኳ በአምስቱ ወስቅ ጉዳይ ከመምህራቸው ተለይተዋል፤ ተማሪነታቸው ግን በዚህ አልተሰረዘም።

90 ኪሎ ለአንድ የገበሬ ቤት ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ክርክሩን የሚያከረው እህሉ ብቻ አይደለም። ባል፣ ሚስቱ የአላህን ሐቅ የከለከለች ይመስለዋል፤ ሚስት ደግሞ አላህ ያላዘዘው ዕዳ የተጫነባት ይመስላታል። ሁለቱም የሚናገሩት አላህን ፈርተው ነው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት የማን ኢማም ይበልጣል የሚለው አይደለም፤ ሩዙ የማን ነው የሚለው ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። ዘካ ደግሞ ባለንብረቱ ራሱ ነይቶ የሚያወጣው ኢባዳ ነው። ስለዚህ ምርቱ የጋራ ከሆነ ባል ከራሱ አራት ኩንታል ተኩል ላይ 45 ኪሎውን ሰፍሮ ይስጥ። የእሷን ድርሻ ሳትፈቅድ አይንካ። በምታጌጥበት ወርቅም እንዲሁ ነው፤ ሀነፊዎች ልኩ ሲሞላ ዘካ አለው ይላሉ፣ ሻፊዒዎች የለውም ይላሉ። ወርቁ የእሷ ነውና ውሳኔውም የእሷ ነው።

“ባል የቤቱ ኃላፊ አይደለምን?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ቤት ይገኛል። ሚስታቸው ሱብሒንና ዒሻን መስጊድ ሄደው ይሰግዱ ነበር፤ አንዳንድ ዘገባዎች ስማቸውን ዓቲካ ቢንት ዘይድ ይላሉ። ዑመር መውጣታቸውን አይወዱትም ነበር። ሚስትም ይህን ያውቃሉ። “እንደማይወደው እያወቁ ለምን ይወጣሉ?” ተብለው ሲጠየቁ፣ ታዲያ እንዳይከለክለኝ ምን ያዘው ብለው መለሱ። የያዛቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴቶችን ከመስጊድ አትከልክሉ ማለታቸው ነበር። ዑመርን ያህል ኸሊፋ ያልወደዱትን ነገር በገዛ ቤታቸው ዝም ብለው አሳለፉ። ይህ ታሪክ ቡኻሪ ውስጥ ተዘግቧል፤ በየኒካሁ ስብከት ላይ ግን እምብዛም አይሰማም።

ከሩዙ የሚከብደው መውሊድ ነው። አንዲት እናት መንዙማ እየሰማች አድጋለች፤ መውሊድ ሲመጣ ልጆቿን ይዛ መሄድ ትፈልጋለች። አባት ቢድዓ ነው ብሎ ያምናል። ለራሷ ብትሄድ ነገሩ በእሷና በአላህ መካከል ነው፤ ልጆቹ ግን የሁለቱም ናቸው። ይህ ክፍፍል በአገር ደረጃ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በየጎራቸው የነበሩ ዑለማዎች በአንድነት ስምምነት ተገናኝተው፣ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስን መሪያቸው አድርገው በአንድ ምክር ቤት ተቀምጠዋል። እዚያ የተቀመጠ አመለካከቱን ጥሎ አልገባም። ይዞ ነው የገባው። አባትና እናትም ለልጆቻቸው “እናታችሁ እንዲህ ታምናለች፣ አባታችሁ እንዲህ፤ ሁለታችንም ሰጋጆች ነን” ማለት ይችላሉ። ልጁ የሚጎዳው እናቱ ስትነቀፍ፣ አባቱ ሲናቅ ከሰማ ነው።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራ፣ ሕፃን ከሁለት ዓመቱ በፊት ጡት የሚጥለው ወላጆች ተመካክረውና ተስማምተው ሲሆን እንደሆነ ይደነግጋል። ጡት ማስጣልን ያህል ነገር ምክክር ከተጠየቀበት፣ የልጅን የዲን አስተዳደግ አንዱ ብቻውን የሚቆርጥበት ምክንያት አይታይም። ካልተስማሙም ሱረቱ ኒሳእ ከባል ቤተሰብ አንድ፣ ከሚስት ቤተሰብ አንድ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ያዛል። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ቢመጣ እንኳ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ እንደሆነ ይገልጻል።

በወረታም ሆነ በደብረ ታቦር ኒካህ የምታስሩ ሼኾች ሆይ፣ የመህሩን መጠን ስትጠይቁ እግረ መንገዳችሁን ሙሽሮቹን ኪታቡን የቀሩት በየትኛው መዝሀብ እንደሆነ፣ መውሊድን እንዴት እንደሚያዩ ጠይቋቸው። ከኅዳር አውድማ በፊት ቢነጋገሩበት ይሻላል።