ቢላዋው ላይ የሚጠራ ስም

ሆሳዕና ውስጥ ሥጋ ቤት ጎራ የሚል ሰው ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ያያል፦ በሩ ላይ ያለው ምልክት መስቀል ነው ወይስ ጨረቃ? ሥጋ ቆራጩ ከተሰቀለው ላይ ጎድን ወይም ሽንጥ ቆርጦ የሚመዝነው፣ ጥብሱም ፍም በያዘ ሸክላ እየተንቸሰቸሰ ከቆጮና ከሚጥሚጣ ጋር የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

በሬው የአንድ መስክ ሣር የበላ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሲታረድ የተጠራው ስም ነው፤ ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ይባርካል፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ይላል።

ታዲያ ሥጋ ሃይማኖት አለው?

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ምግብ በራሱ ሰውን ወደ አምላክ እንደማያቀርብ ያስረዳል፤ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ግን እሱ ራሱ ሥጋ መብላት እንደሚተው ይናገራል። ቁርአንም በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 5 የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊሞች እንደተፈቀደ ይገልጻል። የኢትዮጵያ ልማድ ግን ከሁለቱም ይልቅ ጥብቅ ነው፤ እዚህ ሥጋ መብላት የማንነት ምስክርነት ሆኖ ኖሯል።

ሆሳዕና የምትገኝበት ሃዲያና ጎረቤቱ ከምባታ ደግሞ ቃለ ሕይወትን የመሰሉ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥር የሰደዱበት አገር ነው። ስለዚህ በጾም ቀናቱ በረቡዕና በዓርብም ጥብስ የሚያዝ አይጠፋም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ኦርቶዶክስ ባልንጀራው ሽሮ ያዛል። የጳውሎስ ቃል የሚከብደው እዚህ ነው፤ የተፈቀደለት ሰው ለጾመኛው ሲል ሥጋውን ሊተው ይገባዋል?

ሠርግ ላይ ግን ለሌላው እምነት መጠንቀቅ በተግባር ይታያል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ለይቶ ያቀርባል፤ የሚያርደውም የሚያበስለውም ሙስሊም ነው፣ ድስቱና ጭልፋውም አይቀላቀልም።