ጠመንጃ ስለሚያቀናው ሰው

ጠመንጃ የሚያነጣጥር ሰው ሦስት ነገሮችን በአንድ መሥመር ማዋል አለበት፤ ይኸውም ለዐይኑ ቀረብ ያለውን የኋላ ማነጣጠሪያ፥ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመውን የፊት ማነጣጠሪያና ከሩቅ ያለውን ዒላማ ነው። ዳሩ ግን የሰው ዐይን በአንድ ጊዜ አንዱን ርቀት ብቻ አጥርቶ እንዲያይ ሆኖ ስለ ተፈጠረ ከሦስቱ ሁለቱ የግድ ይደበዝዛሉ። የተኩስ አሠልጣኞች፥ ዐይንህን በፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ አሳርፍ፥ ዒላማው ቢደበዝዝ ግድ የለህም ብለው ያስተምራሉ። እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ ስሰማ ተገረምሁ። ሰው የሚመታውን ሳይሆን በገዛ እጁ የያዘውን ብረት አጥርቶ እያየ ይተኩሳል ማለት ነውና።

በአገራችን ሕፃን እንኳ በስሙ የሚያውቀው ክላሽ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 378 ሚሊ ሜትር ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እርሳስህን አንሣና ሒሳቡን አንተው ራስህ ሥራው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢያዘነብል ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል፤ በ300 ሜትር ላይ ግን ስሕተቱ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 80 ሴንቲ ሜትር ማለት በአንዱ ሰውና ትከሻ ለትከሻ አጠገቡ በቆመው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። እንግዲህ የጥፍርን ውፍረት የምታህል መጣመም ያልታሰበውን ሰው ትገድላለች።

ወጣቶች ስለ ማነጣጠሪያ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ የቱ ይሻላል ይላሉ። አባቶቻችን በያዙት በውጅግራውና በምንሽሩ ላይ ያለው የኋላ ማነጣጠሪያ ሸንተረር ያለው ቅጠል ነበረ፤ ለሩቅ ሲሆን ከፍ፥ ለቅርብ ሲሆን ዝቅ ይደረጋል። ኋላ ደግሞ በሸንተረሩ ፈንታ ቀለበት የተተከለበት መጣ፤ ዐይን የክብን መካከል ሳይታዘዝ በራሱ ስለሚፈልግ ይህኛው ለብዙ ሰው ይቀልለዋል። ስድሳን ላለፍነው ሽማግሌዎች ከሁሉ የሚመቸው ባለ መነጽሩ ነው፤ ምክንያቱም ምልክቱንና ዒላማውን በአንድ ርቀት ላይ እንዳሉ አድርጎ ስለሚያሳይ የደከመ ዐይን ከአንዱ ወደ አንዱ አይንከራተትም። ዛሬ ደግሞ ቀይ ነጥብ በመስታወት ላይ የሚያሳይ አለ፤ እርሱ ፈጣን ነው ይላሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለ ዕቃው ይህን ያህል ይበቃል።

በመነጽሩ ላይ ግን ጥቂት ልቆይ፤ የምግባር ነገር ያለው እዚያ ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር በጠመንጃ ላይ ሲታሰር መመልከቻና መግደያ አንድ ዕቃ ይሆናሉ። ከማዶ የሚመጣው ማን ነው ብሎ በጠመንጃው መነጽር የሚያይ ሰው፥ ማንነቱን ገና ሳያውቅ አፈሙዙን ወደ ሰው ደረት አዙሯል። የሚመጣው እናቱ ልትሆን ትችላለች፤ ወይም የጎረቤቱ እረኛ። ስለዚህ ያወቁ አዳኞች ለማየት ሌላ መነጽር በአንገታቸው ያንጠለጥላሉ፤ ጠመንጃቸውን የሚያነሡትም ካወቁ በኋላ ነው። እኔ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች በጠብ ጊዜ የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። አስቀድመው በሰው ላይ ያነጣጥራሉ፤ ማን እንደ ሆነና ምን እንዳደረገ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ምንም ሳይነጣጠር የሚተኮሰውስ? በየገጠሩ ለሠርግ፥ ለለቅሶና ለበዓል ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ወደ ሰማይ የሄደው እርሳስ ግን በሰማይ አይቀርም፤ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድም የሰው ጭንቅላት የመብሳት ኀይል ሊኖረው ይችላል። ተኳሹ፥ በማንም ላይ አላነጣጠርሁም ብሎ ራሱን ንጹሕ ያደርጋል። እኔ ግን በማንም ላይ አለማነጣጠር በሁሉም ላይ ማነጣጠር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልምጣ። ተኳሹ ለተኮሰው ጥይት ኀላፊ መሆኑን ማንም አይክድም። የተጣመመውን ማነጣጠሪያ ያቀናለት ባለሙያስ ለዚያ ጥይት ይጠየቃልን?

እኔ የምኖርበት የዓለም ባንክ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠራው የመኖሪያ ቤት ሥራ ነው። ከዚያ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የብየዳና የቶርኖ ቤት አለው። በር፥ መስኮትና የውኃ ጋን ማስቀመጫ ይሠራል፤ እጁ የተባረከ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው» አለኝ። ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ከአባታቸው የወረሱትን ምንሽር በጆንያ ጠቅልለው፥ ከነፈቃድ ወረቀታቸው አምጥተውለታል። የፊት ማነጣጠሪያው በመውደቅ ብዛት ወደ ግራ አዘንብሏል። «ለልጄ ጠማማ መሣሪያ አላወርስም፤ አቅናልኝ» አሉት። ነገር ግን የእኒያው ሽማግሌ አገር ሰው ለልጁ በምስጢር እንደ ነገረው፥ በቤተ ሰባቸውና በሌላ ቤተ ሰብ መካከል ደም አለ፤ ሽምግልናውም ገና አላለቀም።

ልጁ መጀመሪያ፥ «ጋሼ፥ ብረት ብረት ነው፤ የበር ማጠፊያ ሳቀና ሌባ ይገባበት እንደ ሆነ ማንም አይጠይቀኝም» ብሎ ተከራከረ። ቀጥሎም፥ «እኔ ብመልሳቸው ሌላው ይሠራላቸዋል» አለ። ለዚህኛው መልሱ አጭር ነበረ። ሌላው የሚሠራው የሌላው ሥራ ነው፤ አንተ የምትጠየቀው ስለ ራስህ እጅ ነው አልሁት። ሦስተኛው ቃሉ ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነበረ። «ጠማማ እንደ ሆነ ቢሄድስ ደመኛውን ስቶ አጠገቡ ያለውን ሕፃን አይመታምን? ባቀናው ይሻላል ማለት አይደለምን?» አለኝ።

ይህን ብዙ አሰብሁበት። በመጨረሻ ያገኘሁት ይህ ነው። ጠመንጃው ጠማማ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በእርሱ አይተማመንበትም፤ ስለማይተማመንበትም ነው ከሩቅ አገር ተሸክሞ ያመጣው። ስለዚህ ልጁ አላቀናም ቢል ጥይቱን ወደ ሕፃኑ ላከው ማለት አይደለም፤ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ እንዲሰነብት አደረገ ማለት ነው። ቢያቀናው ግን ሽማግሌው የጎደላቸውን አንዱን ነገር፥ ይኸውም መተማመንን፥ በእጃቸው ሰጣቸው። አዝመራውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ገበሬ ይህንኑ ሥራ ቢጠይቀው ኖሮ እንዲያቀናለት እመክረው ነበር። ብረቱ አንድ ነው፤ ማቅናቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ባለሙያው ስለ ባለቤቱ በሚያውቀውና መጠየቅ ሲችል ሳይጠይቅ በሚያልፈው ነገር ላይ ነው።

እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርሁ ይህ ጥያቄ ወደ ጋፋት ይወስደኛል። ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ስፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከስብከት ይልቅ የእጅ ሥራ ይወድዱ ስለ ነበረ፥ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተምረው የመጡትን የሚሲዮን ባለሙያዎች በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲያፈስሱ አዘዙአቸው። ሰዎቹ መድፍ ማፍሰስ አናውቅም ብለው ነበረ፤ ንጉሡ ግን አልተዉአቸውም። ብዙ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ሥራው ሆነ፤ በመጨረሻም 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ሴባስቶፖል በብዙ ሺሕ ሰው ጉልበት፥ መንገድ እየተጠረገለት፥ ተራራ ለተራራ ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው ሞቱ። መድፉ ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምስሉን በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ታያላችሁ።

ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነበረ። ወንጌል ሊያስተምር የመጣ ሰው የመድፍ ሥራ ኀላፊ ሆነ። በንጉሥ ትእዛዝ የሠራ ሰው ነውና፥ እምቢ ቢል ምን ይደርስበት እንደ ነበረ ዐውቀን እንፍረድለት። ወደ ኋላ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በሚባል ስፍራ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ጦርነትን ፈጽሞ ከሚቃወሙት፥ ወዳጆች ከሚባሉት ክርስቲያኖች ማኅበርም ገባ። በስተርጅናው ደግሞ አስፉሪዬ በሚባል ስፍራ፥ ቀድሞ በሰንሰለት ይታሰሩ ለነበሩ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። የጋፋት እሳት ከልቡ ወጥቶ ነበር ወይም አልወጣም ብዬ ልናገርለት አልችልም። ሥራዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከታቸው ግን ዝም እላለሁ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሚካኤል ካላሽኒኮፍ አለ። ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሩሲያ ፓትርያርክ ደብዳቤ ጻፈ። የእርሱ ጠመንጃ የሰው ነፍስ ካጠፋ፥ እርሱ ክርስቲያን የሆነው ሰው ለዚያ ሞት ጥፋተኛ ይሆን እንደ ሆነ ጠየቀ። በቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል የተሰጠው ቃል፥ መሣሪያው አገርን ለመጠበቅ ሲሆን ሥራው የተደገፈ ነው የሚል ነበረ። መልሱ ለአንድ ወታደር ሳይበቃ አይቀርም። የሠራው ዕቃ በሚሊዮን እየተቆጠረ ድንበር ሁሉ ለተሻገረበት ሰው ግን የሚበቃው አይመስለኝም። እርሱም የጠየቀው ስለ ገዛ አገሩ ሠራዊት ብቻ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የሚያስቆጣኝን ልናገር። እኛ ጠመንጃ ተሸክሞ የሚፎክረውን እናከብራለን፤ ጠመንጃውን ያበጀውን ግን ቀጥቃጭ፥ ጠይብ፥ ቡዳ እያልን ስንንቅ ኖርን። በጎንደር አውራጃ ማረሻውንም ጦሩንም ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ቀን ሲሠሩልን ውለው ማታ ጅብ ይሆናሉ ተብለው ይታሙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በየቤቱ አለ። እንግዲህ ንቀት ባለበት አገር ጥሩ ባለሙያ የት ይገኛል ብለን መጠየቃችን ምን ያስደንቃል? ዘሩን ረግጠን ፍሬውን እንፈልጋለን። በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዱ ጋፋት የሚለውን ስም ይዞ ነበር፤ ስሙ ከበረ፥ የመንደሩ ብረት ሠሪ ግን እንደ ተናቀ ቀረ።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ የማይሠራ ነገር የለም ይባላል፤ እጃቸውን አደንቃለሁ። ጠመንጃ ግን ሌላ ነገር ነው። የብየዳ እሳት የአፈሙዝን ብረት ጥንካሬ ያበላሻል፤ ስለዚህ ያወቀ ሰው ማነጣጠሪያን በእሳት አይነካም፤ ብረቱን እንዳይጭረው ከእርሱ በሚለሰልስ በናስ ቀስ አድርጎ እየመታ ያንሸራትተዋል። ጠመንጃ ሲሰጡት፥ ባዶ ነው ቢሉት እንኳ አያምንም፤ ራሱ ከፍቶ ያያል። ያበጠ አፈሙዝ ወይም የተሰነጠቀ መዝጊያ ካየም ገንዘቡን ትቶ፥ ይህ አይተኮስበትም ይላል። እኔ ለመምረጥ ብገደድ የሠራቸውን ጠመንጃዎች አልጠይቅም፤ የመለሳቸውን ንገረኝ እለዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ አድርጎ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል፤ ስለዚህ ማንም የብየዳ ቤት ባለቤት እጁን ከማንሣቱ በፊት ሄዶ ቢጠይቅ ለራሱም ይበጀዋል።

ለተማሪዬ የነገርሁት ይህንኑ ነው። ፈቃድ እንደሌለህና ሙያው የአንተ እንዳልሆነ ንገራቸው፤ ነገር ግን በዚህ አትሸሸግ፤ የሰማኸውንም ጠይቃቸው አልሁት። ልጁ ፈራ፤ ሽማግሌን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው አለ። እኔም ነውሩ ሳይጠየቁ ቢሄዱ ነው አልሁት።

በማግሥቱ፥ «አባባ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ዕርቁ አልቋል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ፥ «ይህን ማን ነገረህ?» ብቻ ብለው ምንሽሩን በጆንያቸው ጠቅልለው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ተመልሰው፥ ስላየህልኝ ስንት ነው አሉት። ልጁ ምንም አልቀበልም አለ። እርሳቸውም፥ «ሥራህን ሠርተሃል» ብለው 50 ብር በቶርኖው ላይ አኖሩለት። ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሽምግልናው እንደ ቀጠለ ሰምተናል፤ ጠመንጃው እስካሁን ወደ ግራ እንዳዘነበለ ነው።