ገና ላልታየ ሰው የሚሰፋ ጨርቅ

ልብስ ሰፊ ሥራውን የሚጀምረው በሜትር ነው። ትከሻ ይለካል፣ ደረት ይለካል፣ ክንድ ይለካል። ገና በማሕፀን ላለ ልጅ የሚሰፋ ሰው ግን የሚለካው አካል የለውም። ቁመቱ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የራሱ ዙሪያ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው ብሎ ይገምታል እንጂ ወንድ ይሁን ሴት፣ ቀጭን ይሁን ሞላ ያለ፣ ማንን መስሎ እንደሚመጣ አያውቅም። መርፌውን የሚያነሣው ሰውየውን ሳያይ፣ ይመጣል ብሎ አምኖ ነው።

በአገራችን ልጅ ሳይወለድ ልብሱ እንዲዘጋጅ የማይወዱ እናቶች አሉ። «እሱ ያውቃል፣ ሲመጣ ይደርሳል» ይላሉ፤ ጨርቅም አይገዙም፣ ክርም አያዘጋጁም። ይህን ፍርሃት አጉል እምነት ብሎ መናቅ ልብ የለሽነት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። ተሰፍቶ ሳይለበስ የቀረ ልብስ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁ ሴቶች ናቸው እጃቸውን መሰብሰብ የለመዱት። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። 59 ትንሽ አይደለም፤ ለቅሶው በየቤቱ አለ። ቢሆንም አያቶቻችን ሊደፍሩት ያልቻሉትን ደስታ፣ ማለትም ልጁን በሙሉ ልብ እየጠበቁ መስፋትን፣ የዛሬዋ እናት ከእነሱ ይልቅ ልትደፍረው ትችላለች። ልቧ አሁንም ከፈራ ደግሞ በአራት ማዕዘን ጨርቅ ትጀምር። አራት ማዕዘን ጨርቅ የማንም ስም የለበትም፤ ቤት ውስጥ ለሁሉም ያገለግላል፤ ልጁ ሲመጣ የእሱ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ከአዲስ ጨርቅ ይልቅ ያረጀ ነጠላ እመርጣለሁ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ለስላሳ ነው፤ እርጥበት ቶሎ ይመጥጣል፤ ሊያጥር የሚችለውን ያህል አጥሮ ጨርሷል፤ ቀለምም አይለቅም። በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ከተተኮሰ በኋላ መጀመሪያ ጥለቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ ክሩ ሻካራ ስለሆነ የሕፃን ቆዳ አይወደውም። የተቋጨው ጫፍም ይቆረጣል። ይህን ችላ ማለት አይገባም፦ ከጨርቅ የተመዘዘ አንድ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያስቆም ይችላል። ከዚያ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ የተቆረጠው ጫፍ ውስጥ እንዲደበቅ አድርጎ፣ በጥቃቅኑ መስፋት ነው። የስፌት መኪና ያላት በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች፤ የሌላት በእጇ ትዘምዝመው። እያንዳንዱ ጎን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ መጠቅለያ ይወጣዋል። 30 በ30 ተቆርጦ ሁለት ሦስት እጥፍ ከተደረገ ደግሞ ልጁን ለማስገሳት ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ፣ ሲያቀረሽም የሚጠረግበት ጨርቅ ነው። ከዚህኛው ስንት ቢሰፋ አይበዛም።

በዚያ ነጠላ ግን ምን ያልተሆነበት አለ? ቅዳሴ ተቆሞበታል፤ ሠርግ ተሂዶበታል፤ ለቅሶ ቤት ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጦ እንባ ተጠርጎበታል። ብርድ ሲመጣ ጎረቤት ተውሶት ይሆናል። ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመው ጨርቅ መጨረሻ ላይ ዓለምን ገና ባላወቀ ገላ ላይ ያርፋል። ልጁ የአያቱን ፊት ለይቶ ከማወቁ በፊት ትከሻዋ ላይ የኖረውን ያውቀዋል። ሰው በቃል የማይነግረውን ውርስ እንዲህ ባለ መንገድ ያስረክባል ብዬ አስባለሁ፤ ጨርቁ ሲሳሳ ፍቅሩ የቀጠነ የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ ይህን መጠቅለያ አንዴ በእጁ ይዳስሰው።

የመጀመሪያዋ ሸሚዝም አታስቸግርም። ከፊት ተደራርባ በጎን በአጫጭር ማሰሪያ የምትያያዝ ብትሆን ራሱን ገና መሸከም ለማይችል ልጅ በጭንቅላት ማልበስ ይቀራል። ቁልፍ አይደረግባት፤ ቢወልቅ ወደ አፍ ይገባል። አንገቱም ጋ ማሰሪያ አይኑር። ከሁሉ የምወደው ግን ይህን ነው፦ ስፌቱ ወደ ውጭ ይደረጋል። ለአዋቂ ስንሰፋ የሚያምረውን ወደ ሰው ዓይን፣ ሻካራውን ወደ ገላ እናዞራለን። ለሕፃን ሲሆን ሻካራው ለእኛ፣ ልስላሴው ለእሱ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 2 የሐና ታሪክ አለ። ለምና ያገኘችውን ልጅ ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ሰጥታ፣ በየዓመቱ ከባልዋ ጋር ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። መጽሐፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ እኔ ግን እዚያ ላይ እቆማለሁ። በምን ለክታ ነበር የምትሠራው? ልጁ አብሯት የለም። አምና ካየችው ክንድ ላይ ስንት ጣት ጨምራ ይሆን? የጎረቤት ልጅ አቁማ ለክታ ይሆን? ዓመቱን በሙሉ ያላየችውን ዕድገት በልቧ ስታሰላ ኖራ መጨረሻ ላይ ትቆርጠዋለች። ዛሬ ከባሕር ማዶ ሆና ለልጅ ልጇ ልብስ የምትልክ ሴት የምታደርገውም ያንኑ ነው። ሕፃን ደግሞ ቶሎ ያመልጣል፤ በአምስት ወር ገደማ ክብደቱ እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የሰፋነው ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ቀላል ይሁን የምለውም ለዚህ ነው፤ በቀላሉ የተሰፋውን ለሚቀጥለው ልጅ ማሳለፍ አያሳዝንም።

ባይሰፋ ይሻላል የምለውም አለ፤ ትራስ። ሕፃን በጀርባው፣ ጠፍጣፋ ላይ፣ ፊቱን ሊሸፍን የሚችል ነገር ሳይኖር ነው መተኛት ያለበት። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ለአራሷ ትከሻ ይሁን። መጠቅለያውም ቢሆን ደረት ላይ እንዳይጠብቅ፣ እግርና ዳሌ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ ይተው፤ እግርን አቅንቶ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል የዳሌን መጋጠሚያ ይጎዳል።

ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በሰባተኛው ቀን አቂቃ ያወጣሉ። ለእነዚህ ቀናት የሚያብረቀርቅ ልብስ የሚገዛ ዘመድ አይጠፋም። ሌሊት ሌሊት የሚፈለገውን ጨርቅ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። እባካችሁ አራስ ልትጠይቁ ስታስቡ፣ ገንፎ ለመብላት ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ከሳጥናችሁ አንድ ያረጀ ነጠላ አውጡና በሳምንቱ መጨረሻ ቆርጣችሁ ዘምዝሙት። ታጥቦና ተተኩሶ የተጣጠፈ አምስት ስድስት ጨርቅ ለአራሷ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥ ይጠቅማታል።