በምረቃ የማያበቃ አማና

ከሚሴ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ሌት ተቀን ጫት ሲቅም ከርሞ እንቅልፍ አጣ፤ ለሌላው የማይሰማ ድምፅም ይሰማው ጀመር። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ባለሙያው «መቃሙን ይተው» ብሎ መለሰን። ቃሉ እውነት ነበር፤ ሕክምና ግን አልነበረም። ተግሣጽማ እናቱ ዘንድም ሞልቷል!

ምናልባት ባለሙያው ከተመረቀ ወዲህ ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ሱስ ያስተማረው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መርሐ ግብር፣ ነርሱና ጤና መኮንኑም በአጭር ሥልጠና እነዚህን ሕመሞች ለይተው እንዲያክሙ አልሟል። መርሐ ግብሩ አገራችንም ገብቷል። አማኑኤል ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የባቲዋ እናት እዚያ እስክትደርስ ለልጇ ማን ይድረስለት?

ውድ አንባቢያን! ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ዑለማዎቻችን አስተምረውናል። አውቆ ዕውቀቱ ያረጀበትስ? እንደ እኔ አማናው በምረቃ ቀን አያበቃም። ባለሙያው ይማር፤ ቀጣሪውም የመማሪያ ጊዜ ይስጠው። እኛም «በገዛ እጁ ያመጣው ነው» ማለቱን እንተው። ያላወቅነውን በሽታ ወንጀል ብሎ መፍረድ ይቀለናልና።

ወላሁ አዕለም።