ቀድማ የምትሄድ ባልንጀራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በተለይም እናቶቼና እኅቶቼ፣ ከኅዳር 15 ጀምረን እስከ ልደት ዋዜማ የምንጾመው ይህ ጾም ነቢያት የጌታን መወለድ በናፍቆት የጠበቁበትን ዘመን የምናስብበት ነው። በዚህ ወቅት በሚወጡ ጽሑፎች ላይ ስለ ትንቢቱ ብዙ ተብሏል፤ ሊቃውንቱ ከእኔ በተሻለ ጽፈውታል። እኔ ታናሽ ወንድማችሁ ግን ጌታ ሳይወለድ የመምጣቱ ደስታ ቀድሞ ወደ ገባበት አንድ ቤት ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ። ቤቱ የካህኑ የዘካርያስ ነው። በውስጡ ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ አሮጊት፣ አንዷ ብላቴና።

ወንድ ሆኖ ስለ ሴቶች ባልንጀርነት ይጽፋል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ብቻ አይደለችም፤ እናቴና ባልንጀራዋ ናቸው። ስለዚህም የምለው አላጣሁም፤ የምናዘዘውም ጭምር።

ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚነግረን ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ ከፀነሰች በኋላ አምስት ወር ራሷን ሰውራ ተቀመጠች (ሉቃ. 1፥24)። እስቲ ይህችን ነገር ዝም ብለን አንለፋት። ዕድሜዋን ሙሉ መካን ስትባል የኖረች ሴት ናት። ሰው ሲጠቋቆምባት፣ ገበያ ስትወጣ ሲያዩዋት፣ ስትመለስ ሲያዝኑላት ኖራለች። የለመነችውን ስታገኝ ደግሞ ለማን ትንገረው? ባሏ ዘካርያስ መልአኩን ስላላመነ አንደበቱ ተዘግቷል። በዚያ ቤት ውስጥ ትልቅ ደስታ አለ፤ የሚነጋገሩበት ሰው ግን የለም። እናቶቼ፣ ሐዘን ብቻ ሳይሆን ደስታም ብቻውን ሲያዝ እንደሚከብድ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በስድስተኛው ወር መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን አበሠራት፤ የኤልሳቤጥንም መፅነስ ነገራት። ሂጂ ግን አላላትም። እመቤታችን በራሷ ፈቃድ ተነሥታ ከገሊላ ናዝሬት ወደ ይሁዳ ተራራማ አገር በፍጥነት ሄደች (ሉቃ. 1፥39)። ዛሬ በመኪና እንደሚኬደው አይደለም፤ በእግር የቀናት መንገድ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት።

በአገራችን ሥርዓት የከበረ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይጠበቃል፤ ሌላው ይመጣል። ታዲያ ከእመቤታችን የሚበልጥ ክብር ማን አለው? ሰማይና ምድር የማይችሉትን በማኅፀኗ የተሸከመች ናት። “ኤልሳቤጥ ትምጣ እንጂ” ቢባል ማን ይቃወም ነበር? ነገር ግን የምትበልጠዋ ቀድማ ሄደች፤ ቀድማም ሰላምታ ሰጠች። የእኛስ ነገር? “እኔ ደውዬ ነበር፤ አሁን የእሷ ተራ ነው” እንላለን። “ስታመም አልጠየቀችኝም፣ እኔስ ለምን እጠይቃለሁ?” እንላለን። እንዲህ እየቆጠርን ስንትና ስንት ወዳጅነት አጥር ለአጥር ተያይቶ ደርቆ ቀርቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ኤልሳቤጥ እንመለስ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የእሷ ነገር ነውና። ኤልሳቤጥ ዕድሜ ልኳን ስታለቅስ ኖራ፣ ሸምግላ ነው ነቢይ ለመውለድ የበቃችው። ይህች ልጅ ደግሞ ገና ብላቴና ሳለች፣ ሳትለምን፣ የነቢያትን ጌታ ፀንሳ መጣች። ኤልሳቤጥ እንደ እኛ ብትሆን “እኔ ስንት ዓመት ጾሜ ጸልዬ፣ ለእሷ በአንድ ቀን!” ባለች ነበር። ወይም ደግሞ በአፏ እንኳን ደስ አለሽ ብላ ልቧ ይጨልም ነበር። እሷ ግን መንፈስ ቅዱስ ሞልቶባት በታላቅ ድምፅ ባረከቻት፤ የጌታዋ እናት ወደ እሷ መምጣቷ ለእሷ እንደማይገባት ክብር ቆጠረችው (ሉቃ. 1፥41-43)። የማኅፀኗ ፅንስ እንኳ በደስታ ዘለለ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ከሚያለቅሱ ጋር እንድናለቅስ፣ ከሚደሰቱም ጋር እንድንደሰት አዞናል (ሮሜ 12፥15)። ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል? እኔ በዕድሜዬ ትንሽ ብሆንም ያየሁትን ልናገር። ለቅሶ ላይ ማንም አይቀርም። ድንኳኑ ይሞላል፣ እድሩ ይሰበሰባል፣ የተጣላ እንኳ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ነገር ግን ባልንጀራሽ ቤት ሲደርሳት፣ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ስትገባና የአንቺ ስትወድቅ፣ ያቺ አብራሽ “ልጅ ስጠኝ” እያለች የተሳለችው እሷ ቀድማ ስትወልድ፣ ያን ጊዜ ነው ባልንጀርነት የሚፈተነው። ገንፎው ላይ ተቀምጦ እልል እያሉ በልብ ማቃጠል አለ። ይህንን ስል ልፈርድባችሁ አይደለም። እንዲያውም ይህ ስሜት ሲመጣ ሸሽታችሁ አትቅሩ፤ ለንስሐ አባታችሁ ተናግራችሁ ወደ ወዳጃችሁ ሂዱ። እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች ይላል። አንድ ቀን ዐይን ለዐይን ተያይቶ መመለስ ቀላል ነበር። ሦስት ወር ግን አብሮ ማደር፣ አብሮ መብላት፣ አብሮ መጸለይ ነው። ቅንዓት ያለበት ቤት ሦስት ወር ሙሉ ሰላም ሆኖ አይቆይም።

ከራሳችን አገር ቅዱሳት መካከልም ምስክር አለን። ኅዳር 17፣ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ዕረፍት እናከብራለን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከታላላቅ ቤተሰብ የተወለደች፣ የንጉሡን ባለሟል ያገባች ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉ። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበልና በሕዝቡም ላይ ሲጭን እሷ ከተዋሕዶ ሃይማኖቷ አልነቃነቅም ብላ ቤቷን፣ ወርቋን፣ ማዕረጓን ትታ መነነች። ተሰደደች፣ በንጉሥ ፊት ቆመች፣ ታሰረች። በጣና ዙሪያና በሌሎችም ቦታዎች ሰባት ማኅበራትን መሠረተች፤ ቆራጣ እስከ ዛሬ በስሟ የምትታወቅ ናት። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የማይሰበከው ግን ብቻዋን አለመሆኗ ነው። እኅተ ክርስቶስ የምትባል፣ እንደ እሷው ትዳሯን ትታ የመነነች ባልንጀራ ነበረቻት። ገድሏ እንደሚተርከው ሁለቱ ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው አደረ፤ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሳሉ የቆየ ትውውቅ እንዳላቸው ሰዎች ተሳሳሙ። ከዚያም ሞት እስኪለያቸው ድረስ በመከራውም በሰላሙም ጊዜ በፍቅር ኖሩ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በሃምሳ ዓመቷ በ1635 ዓ.ም. ስታርፍ ማኅበሩን ተረክባ የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት።

አያችሁ፣ ነገሥታትን ያልፈራች ሴት እንኳ ባልንጀራ አያስፈልገኝም አላለችም። ጻድቃን ብቻቸውን በዋሻ የኖሩ ብቻ ይመስለናል። እንዲህ ያለው ሐሳብ እኛ ሰባኪዎች ላይም አለ። እናቶች ቡና ላይ ሲሰበሰቡ ሐሜት ይነሣል ብለን እንገሥጻለን፣ መገሠጻችንም ልክ ነው፤ ሥጋና ወተት ትቶ በሰው ስም ላይ መዋል ጾም አይደለም። መድኃኒቱ ግን “አትሰብሰቡ” ማለት አይመስለኝም። ሐሜትን ለመሸሽ ሰውን የሸሸች ሴት ሐሜቱን በልቧ ይዛው ትቀመጣለች። የሚያስፈልጋት ቡናው ላይ አብራት ተቀምጣ የሌላዋ ስም ሲነሣ “ተይ፣ እሷ እዚህ የለችም” የምትላት ናት። ስትታመም “ቁርስ ብዪ፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቀሽ መድኃኒትሽን ዋጪ፤ እኔ የአንቺንም እሰግድልሻለሁ” የምትላት ናት። ሌሊት ለኪዳን ስትነሣ በሩን አንኳኩታ የምትቀሰቅሳት ናት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ኃጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው እንጂ ለባልንጀራ አይደለም። ባልንጀራ ወደ ንስሐ አባት ትገፋለች፣ ቦታውን ግን አትይዝም።

አሁን የቀረኝን ልናገር።

እናቴ በተወለድኩባት ትንሽ ከተማ ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር አጥር ለአጥር ትኖር ነበር፤ እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። ጾም ሊገባ ሲል ሽሮውን አብረው ያሰናዳሉ፤ አተሩን አብረው ይቆላሉ፣ በርበሬውን አብረው ይቀነጥሳሉ። በባሕር ዛፉ አጥር መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር፤ እኔም በዚያ ስሽሎከለክ ነው ያደግኩት። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን እትዬ ግቢ ሴቶች በርበሬ ሲቀነጥሱ አጠገባቸው እጫወት ነበር። እትዬ ስለ እናቴ “ሰው ቋጣሪ ናት ይላታል” ሲሉ ሰማሁ። ሮጬ ሄጄ “እማዬ፣ እትዬ ቋጣሪ ናት አሉሽ” አልኳት። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅ ወሬ ይዞ ሲገባ ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለዋል መሰለኝ።

እናቴ ምንም አልመለሰችም። በማግስቱ ክፍተቱን በቆርቆሮ ደፈነችው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገሩም። ሁለቱም ይጾሙ ነበር፤ ሁለቱም አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሱ ነበር፤ አንዷ በአንዱ በኩል፣ ሌላዋ በሌላው በኩል ቆመው። እትዬ ምን እንዳደረጉ እንኳ አያውቁም ነበር።

በታኅሣሥ፣ በዚሁ ጾም ውስጥ፣ እናቴን ሌሊት ምጥ ያዛት። አባቴ ለሥራ ሌላ አገር ነበር። እኔ አዋላጅ ልጠራ ወደ ግቢው ስወጣ ቆርቆሮው ሲቀደድ ሰማሁ። እትዬ ነበሩ። የእናቴን ድምፅ በአጥር ሰምተው፣ በበሩ ዞረው ለመምጣት ስላልታገሡ ቆርቆሮውን ገንጥለው ገቡ። እጃቸው ተቆርጦ ደሙ በነጠላቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። “መጣሁ” አሏት፤ ሌላ ምንም አላሉም። እስኪነጋ “ማርያም፣ ማርያም” ሲሉ አደሩ። እኅቴ ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሷት እትዬ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ አበልጅ ተባባሉ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ገንፎ ይዘው መጥተው “ምን አድርጌሽ ነው?” ብለው ጠየቁ። እናቴ የሰማችውን ነገረቻቸው። እትዬ አለቀሱ። ያሉት ሙሉው እንዲህ ነበር፤ “ሰው ቋጣሪ ናት ይላታል፤ እኔ ልጄ ታሞ ሳለ የአንገቷን ወርቅ ሸጣ እንዳሳከመችልኝ ግን ማን ያውቃል?” እኔ ግማሹን ሰምቼ ነው የሮጥኩት።

እናቴ ከማን እንደሰማች አልተናገረችም። ወደ እኔ አየች፣ ዝም አለች። እትዬ ግን ያን ቀን በርበሬ ሲቀነጥሱ ከነበሩት መካከል ቅመም የሚሸጡትን ሌላ ጎረቤት ጠረጠሩ። “እሷ ናት ያመጣችው” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኒያ ሴት ከእግዜር ሰላምታ በቀር ቃል የላቸውም። ቡና አይጠሯቸውም፣ ሲጠሯቸውም አይሄዱም። ቅመም ሻጯ ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከው ነበር አሉ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። እንግዲህ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለበዓል ወደዚያ ስሄድ በተወለድኩበት ደብር እቀድሳለሁ፤ የጳውሎስን መልእክት ሳነብ ሁለቱም በሴቶች መቆሚያ በኩል፣ በተለያየ ጥግ ቆመው ይሰሙኛል። እትዬ ከቅዳሴ በኋላ ጉንጬን ስመው “እናትህ ይህን ባየች” ይሉኛል። እኔም አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለሕትመት ከመስጠቴ በፊት ሄጄ ልናገር አስቤ ነበር። አልሄድኩም፤ ፈራሁ። አሁን ግን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ዕለት ወደዚያ ለመሄድ የመኪና ትኬት ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ወደ ቅመም ሻጯ ቤት ልሂድ ወይስ ሁለቱን አንድ ላይ ቡና ልጥራ እያልኩ ነው። እናቶቼ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።