ጥርስ ዝም ባለ ጊዜ

ሕመም መተዉና በሽታ መዳኑ አንድ ነገር ነውን? ሌሊቱን ሙሉ ጉንጩን ይዞ ሲንቆራጠጥ ያደረ ሰው፥ ንጋት ላይ ጥርሱ በድንገት ቢተወው «ተመስገን፥ ዳንሁ» ማለቱ አይቀርም። ይህ ቃል እውነት መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር ለጥርስ ብቻ ሳይሆን ለሌላም ነገር ይጠቅመናል።

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከአጥንት ይልቅ የጠነከረ ነው፤ በውስጡ ግን የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። በአፍ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ከጣፋጭ ምግብ አሲድ እያወጡ ሽፋኑን ይቦረቡሩታል። ወደ ውስጠኛው ሥጋ በቀረቡ ጊዜ ሥጋው ይቆጣል፤ ዳሩ ግን በጠንካራ ግድግዳ የተከበበ ስለሆነ ለማበጥ ስፍራ አያገኝም፤ ሕመሙ ሰውን እንዲህ የሚያስጨንቀው ስለዚህ ነው። ካልታከመ ሥጋው ይሞታል፤ ነርቩም አብሮ ስለሚሞት ሕመሙ ይቆማል።

እንግዲህ ያ ሰው «ዳንሁ» ያለበት ሰዓት ጥርሱ የሞተበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ተሕዋስያኑ ግን በሕይወት አሉ፤ በሥሩ ጫፍ አልፈው በአጥንቱ ውስጥ መግል ያስቋጥራሉ። ከጊዜ በኋላም ፊት ያብጣል፤ አልፎ አልፎ እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ የመተንፈሻን መንገድ እስከ መዝጋት ይደርሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ጥርስ ግን በሽታውን ከባለቤቱ ከራሱ ይደብቃል።

ታዲያ ሕመምን ማስታገስ ስሕተት ነውን? አይደለም። ቅርንፉድ መንከስም ሆነ ሐኪም የፈቀደውን ማስታገሻ መውሰድ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የሚሠቃይን ማሳረፍ ምሕረት ነውና። ስሕተቱ መልእክተኛውን አስተኝቶ መልእክቱን አለመስማት ነው። ጎረቤቱ ሲያቃስት ሰምቶ ከቤቱ የተረፈውን አሞክሲሲሊን የሚሰጥ ሰው ቸርነት ያደረገ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ስለዚህ በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር፥ የጥርስ ሕክምና በሚገኝበት ስፍራ ሰውነቱ ጤናማ ለሆነ ጎልማሳ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለአብዛኛው የጥርስ ሕመም እንዳያዝዙ መከረ። ትኩሳት ከመጣ ወይም እብጠቱ ከተስፋፋ ግን መድኃኒቱ ያስፈልጋል፤ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

እውነተኛው ፈውስ ምክንያቱን ማስወገድ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ከፍቶ የሞተውን ሥጋ ያወጣል፤ የሥሩን ቦይ በቀጫጭን ሞረድ እየሞረደ፥ ተሕዋስያንን በሚገድል ውሃ እያጠበ ያነጻል፤ ከዚያም ሞልቶ ይደፍነዋል። ከዚህ በኋላ ጥርሱ ጥቂት ቀን ቢያም አያስደንቅም፤ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከበረታ ግን መመለስ ያሻል። እነሆ፥ አስቀድሞ ዝም ሲል የታመመው ጥርስ፥ አሁን እያመመው ይድናል! ገንዘቡ ያልበቃው ሰው ቢያስነቅለውም አይነቀፍም፤ መንቀልም ምክንያቱን ማስወገድ ነውና።

ሌላም ስሕተት አለ። በ1910 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሃንተር የሚባል የብሪታንያ ሐኪም በሞንትሪያል ከተማ ባደረገው ንግግር፥ በወርቅ በተሸፈኑ ጥርሶች ሥር የተሰወረውን ብልሽት አጥብቆ ነቀፈ። መነሻው እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ልዩ ልዩ በሽታን ሁሉ በጥርስ እያሳበቡ ሊድን የሚችለውን ጥርስ ሳይቀር ነቀሉ። ዝምታን ያለ ምርመራ ማመን አንድ ጥፋት ነው፤ ዝምታን ሁሉ ያለ ምርመራ መጠርጠርም ሌላ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ሰው በገዛ ስሜቱ ብቻ በራሱ ላይ ሊፈርድ አይችልም፤ ስሜቱ ሞቶ እንደሆነ በምን ያውቀዋል? የሚያይለት ሌላ ዓይን፥ ጥርስ ሲሆን ሐኪምና ራጅ፥ ልብ ሲሆን እውነት የሚነግር ወዳጅ ያስፈልገዋል። ትናንት በደል ያሳቅቀው የነበረ ልብ ዛሬ ዝም ቢል፥ ዳነ ከማለት በፊት ሞቶ እንዳይሆን መጠየቅ ይገባል። ለጎረቤታችንም ኪኒን ሰጥተን በሩን ከምንዘጋ፥ ሕመሙ ጋብ ባለለት ማግስት እጁን ይዘን ወደ ሐኪም ብናደርሰው ቸርነታችን ፍጹም ይሆናል።